እንሰት እና ሙዝ፦ ዝምድናቸው ከየት ይጀምራል? ለእኛስ ምን ያደርግልናል?

በአገና ዙሪያ በእዣ ቤቶች ጓሮ የምታዩት ተክል ብዙ ስም አለው። በሰባት ቤት ጉራጌ አሰት፣ በአማርኛ እንሰት ይባላል። ቅጠሉን ለድፎ ዳቦ የሚገዛው የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ኮባ ይለዋል። ሳይንሳዊ ስሙ «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሰም» ነው። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው ቃል ላቲን ይመስላል እንጂ ከእኛው አገር የተወሰደ ነው።

ሙዝ ነው ወይስ አይደለም?

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የእንሰትን ሥዕል አውጥቶ «ይሄ የሙዝ ዓይነት አይደለም» ብሎ ተከራከረ። በዓመቱ ጀርመናዊው ግሜሊን ግን «ሙሳ ኤንሴቴ» ብሎ ሙዝ ውስጥ መደበው። እንሰት ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ በ1947 ነው። ቺዝማን የተባለ ተመራማሪ ከሙዝ አውጥቶ ለብቻው መደበው።

ታዲያ ማን ልክ ነበር? ሁለቱም በከፊል። በሳይንስ አመዳደብ ዝርያዎች ተሰባስበው ወገን፣ ወገኖች ተሰባስበው አስተኔ፣ አስተኔዎች ደግሞ ክፍለ መደብ ይሆናሉ። እንሰት እና ሙዝ ወገናቸው ይለያያል፣ አስተኔያቸው ግን አንድ ነው። በሰው ቋንቋ ወንድማማች ሳይሆኑ የአጎት ልጆች ናቸው እንደማለት ነው። እንሰት 18 ክሮሞሶም አለው፤ አብዛኛው የምንበላው ሙዝ 33።

መልክ ግን ያታልላል። ጎደሬም ሰፊ ቅጠል አለው፣ መሬት ውስጥ ያለው ክፍሉም ይበላል፤ ነገር ግን ለእንሰት ሩቅ ነው። ከጎደሬ ይልቅ ዝንጅብል፣ እርድ እና ኮረሪማ ይቀርቡታል፤ ከእንሰት ጋር በአንድ ክፍለ መደብ ውስጥ ናቸው።

ከዱር ወደ ጓሮ

የዱር እንሰት በከፋ ደኖችም፣ በምሥራቅ፣ በመካከለኛው እና በደቡብ አፍሪካ አገሮችም ይበቅላል። አላምዶ ምግብ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። ዛሬ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው ከእንሰት ጋር የተያያዘ ነው።

የዱሩ የሚራባው በዘር ነው። እያንዳንዱ ዘር የእናትና የአባት ቅልቅል ስለሆነ በየትውልዱ አዲስ ነገር ይመጣል። የጓሮው ግን ሌላ ነው። እንሰት አንዴ አብቦ ስለሚሞት ብዙውን ጊዜ ዘር ሳይሰጥ ይቆረጣል። ችግኝ ሲፈለግ አሚቾው ተቆርጦ ይቀበርና ብዙ ቡቃያ ያወጣል። ሁሉም የእናታቸው ቅጂ ናቸው።

እዚህ ጋር የዝግመተ ለውጡን አቅጣጫ የሚወስነው በአመዛኙ የገበሬው እጅ ነው። አስታራ፣ ጓርየ፣ ቅብናር የሚባሉት ሌሎች ዝርያዎች አይደሉም፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ በትውልዶች ምርጫ የተለዩ ዓይነቶች ናቸው። አንዱ ለውሳ (ቆጮ)፣ አንዱ ለቃጫ፣ አንዱ ተቀቅሎ ለመበላት፣ አንዱ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይመረጣል።

ዘመድ በሽታም ያጋራል

የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉ እና ብራድበሪ እ.ኤ.አ በ1968 ከኢትዮጵያ እንሰት ላይ ለይተው ይፋ አደረጉ። በ1974 ያው ባክቴሪያ በከፋ ሙዝ ላይ መገኘቱ ተዘገበ። በ2001 ደግሞ ኡጋንዳ ውስጥ ታየና የብዙ ገበሬዎችን ሙዝ አጠፋ። ዘመድን ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ የአንዱ በሽታ ለሌላው ማስጠንቀቂያ ነው።

ሌላም አደጋ አለ። ጓሮው በሙሉ የአንድ እናት ቅጂ ከሆነ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ሊጥል ይችላል። ዓይነቱ ሲበዛ ግን የመቋቋም አቅማቸው ይለያያል። ለምሳሌ ማዚያ የተባለው ዓይነት በምርምር የተሻለ መቋቋም አሳይቷል።

በሽታው መድኃኒት የለውም፣ መከላከል ግን ይቻላል፦

👉 የታመመ ተክል የነካ ቢላ ሌላውን ከመቁረጡ በፊት በእሳት ወይም በበረኪና ይጽዳ
👉 ከታመመ ጓሮ ችግኝ አይወሰድ
👉 የታመመው ከነሥሩ ተነቅሎ ይቀበር፣ ለከብት አይሰጥ
👉 ጓሮው በአንድ ዓይነት ብቻ አይሞላ

ዓይነቶቹን ለይተው የሚያውቁት እናቶች እና አያቶች ናቸው። አንድ ዓይነት ከሁሉም ጓሮ ከጠፋ ድጋሚ አይገኝም፣ ስሙን የሚያውቅ ከሌለ ደግሞ መጥፋቱም አይታወቅም። ስለዚህ ቤተሰብ ጋ ስትሄዱ ጓሮው ውስጥ ስንት ዓይነት እንዳለ ጠይቁ። ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው፤ ፎቶውን አንሱ፣ ስሙንና ጥቅሙን አብራችሁ መዝግቡ።