የሰቆጣው ውቅር መስቀለ ክርስቶስና የአክሱም ዘመን ቤት አሠራር

ዋግ ኽምራ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ድርቅ ነው፡፡ ከሰቆጣ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኘው ከዓለት የተፈለፈለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግን አካባቢው ሌላ የሚታወስበት ታሪክ እንዳለው ይመሰክራል፡፡

በሕንፃው ፊት ላይ የእንጨትና የድንጋይ ግንባታን የሚመስሉ ቅርጾች ተቀርጸዋል፡፡ ዓለት ተፈልፍሎ ለሚሠራ ሕንፃ ግድግዳ የሚያያይዝ እንጨት አያስፈልገውም፡፡ ታዲያ ጠራቢዎቹ ለምን ደከሙ? ቅርጹ ከአክሱም ዘመን የመኳንንት ቤት የተወረሰ ስለሆነ ነው፡፡

የአክሱም ግንበኞች ድንጋይ በጭቃ እያያያዙ ሲክቡ፣ ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ በየደረጃው ረዣዥም አግዳሚ እንጨቶች ያስገቡ ነበር፡፡ እነዚህን ደግሞ ግድግዳውን አቋርጠው በሚያልፉ አጫጭር እንጨቶች ያስሯቸዋል፡፡ ወደ ውጭ ብቅ የሚሉት ጫፎች «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ፡፡ ግድግዳውም አንዱ ክፍል ወጣ፣ ሌላው ገባ እያለ ይሠራል፡፡ በእንጨት ማዕቀፍ በተሠራ የጥንቱ የእንግሊዝ የገጠር መሳፍንት ቤት ሸክሙን የሚችለው ማዕቀፉ ሲሆን፣ በአክሱም ግን ድንጋዩና እንጨቱ ተጋግዘው ይሸከማሉ፡፡

በአክሱም «የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት» የሚባለው ዱንጉር የዚህ ዓይነት መኖሪያ ነው፡፡ 50 ያህል ክፍሎች ያሉት ይህ ቤት ንግሥቲቱ ኖረችበት ከሚባለው ዘመን ከ1 ሺሕ ዓመት በላይ ዘግይቶ የተሠራ የአንድ ባለጸጋ ቤት እንደሆነ አጥኚዎች ይገምታሉ፡፡ እንጨቱ ስለጠፋ ዛሬ የሚታየው የድንጋዩ መሠረት ነው፡፡ ከሮም ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2008 ዳግም በቆመው ሐውልት ላይ ግን ፎቁ፣ መስኮቱና የዝንጀሮ ራሱ ተቀርጸው ይታያሉ፡፡

እንጨቱና ድንጋዩ ሳይለያዩ የቆዩበትን ማየት የሚሻ ከላሊበላ ሰሜናዊ ምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ዋሻ ወደሚገኘው ይምርሐነ ክርስቶስ መሄድ ይችላል፡፡ ጥቁሩ እንጨትና ነጩ ልስን እየተፈራረቁ የተሠራ ሲሆን፣ አጠገቡ ያለውን ሕንፃ ትውፊት የንጉሡ መኖሪያ ይለዋል፡፡

ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የዋግ ሹሞች አጽም በሣጥን ያረፈበትም ነው፡፡ ዋግ ሹሞች ከዛግዌ ነገሥታት እንደሚወለዱ ይነገራል፤ ከእነርሱም ዋግሹም ጎበዜ ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1871 ነግሠዋል፡፡

የበሰበሰ አግዳሚ በሌላ ይተካል፡፡ ከዓለት የተጠረበ አግዳሚ ግን በዝናብና በንፋስ ከተሸረሸረ ምትክ የለውም፡፡ የጥንቶቹ ቤቶች እንጨት በጠፋበት አገር፣ በሰቆጣ ዓለት ላይ የሚጠፋ ቅርጽ አባቶቻችን እንዴት ቤት ይሠሩ እንደነበር የሚነግረንን ማስረጃ ይዞት ይሄዳል፡፡