ሞክሼ ነው ወይስ ዘመድ?

ሁለት ከበደዎች ሲገናኙ «ሞክሼ!» ይባባላሉ እንጂ የአንድ እናት ልጆች ነን አይሉም። የሥነ ልሳን ባለሙያዎች «ሆሞኒም» የሚሉትም እንዲህ ያለውን ቃል ነው፤ «ሞክሼ ቃል» ብንለው ያምርበታል። ሀ፣ ሐ እና ኀን ሞክሼ ፊደላት ማለት ለምደናልና ለጆሮም እንግዳ አይሆንም።

በእንግሊዝኛ የውሻ ጩኸትም የዛፍ ቅርፊትም «ባርክ» ነው። ጩኸቱ ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የወረደ ነው፤ ቅርፊቱ ግን ከስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ የገባ ነው። ድምፃቸው ገጠመ እንጂ አይዛመዱም። ጥሩ መዝገበ ቃላት ለየብቻ ያሰፍራቸዋል፤ ከቃሉ አናት ላይ ትንንሽ 1 እና 2 ካያችሁ ሞክሼዎች ናቸው።

ፍቺዎቹ በአንድ ቃል ሥር ተራ ቁጥር ይዘው ከተደረደሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ «ፖሊሰሚ» ይባላል፤ «ብዝኃ ፍቺ» እንበለው። ቃሉ አንድ ነው፣ የተዋለደው ፍቺው ነው። የእኛው «ራስ» ከአንገት በላይ ያለው አካል ነው፣ የመኳንንት ማዕረግ ነው፣ «ራሴ ሠራሁት» ሲባል ደግሞ ባለቤቱ ነው።

አሳሳቹ «ክሬን» ነው። እኛ የተዋስነው ዕቃ ማንሻውን ብቻ ስለሆነ፣ ሐይቅ ዳር ስለሰፈሩ ክሬኖች የሚያወራ ጽሑፍ ሲገጥመን ግንባታ ይታየናል። ቃሉ ግን አስቀድሞ የአንገተ ረጅም ወፍ ስም ነበር፤ ማሽኑ በአንገቱ ምክንያት ወረሰው። ሞክሼ መሳይ ዘመዳሞች ናቸው። «ማውስ»ም እንዲሁ፤ ኮምፒውተር ላይ ያለውን አይጥ ብሎ የሚጠራ ሰው አልሰማሁም።

በጽሕፈት ብቻ የሚመሳሰሉም አሉ። በአንድ ዓይነት ፊደል የተጻፈው ቃል «ሌድ» ተብሎ ሲነበብ እርሳስ የተባለው ብረት፣ «ሊድ» ሲባል መምራት ነው። «ዋና» ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ የሚያደናግረው አማርኛ አንባቢ በዚህ አይገረምም።

የብዝኃ ፍቺ አውራው «ራን» ነው። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለግሱ ብቻ 645 ፍቺ ቆጥሮለታል። ይህን ሸምድዶ የሚዘልቀው የለም፤ የሚያዋጣው ባለቤቱን ማየት ነው። ሰው ከሆነ ይሮጣል፣ ውሃ ከሆነ ይፈሳል፣ ሞተር ከሆነ ይሠራል፣ የምርጫ ዕጩ ከሆነ ይወዳደራል። ድርጅት ተከትሎት ከመጣ ደግሞ ያስተዳድራል።