የማያጨስ እሳት

እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም ይባላል። ይህን የቆየ ብሂል ገልብጦ «ጭስ የሌለው እሳትስ ይታመናልን?» ብሎ የጠየቀኝ ፈላስፋ አልነበረም፤ ዕድሜዋን ሙሉ በጉልቻ ዙሪያ ያሳለፈችው እናቴ ናት። በጊዜው ስቄባት ነበር። ዛሬ ይህን የምጽፈው ያን ሳቄን ለመካስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ቀን ቀን በባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ፣ ማታ ማታ ደግሞ የራሴን ስንኝ የምቆጥር ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን፣ ከደመወዛችን ጥቂት በጥቂት አጠራቅመን፣ ለኮንዶሚኒየም ቤታችን ባለ አራት ዓይን የጋዝ ምድጃ ገዛን። እንደ ድሮው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አይደለም፤ የኩሽናው እምነበረድ በልኩ ተቆርጦ ከውስጡ የሚቀበር ነው። ባለሙያው መጥቶ እምነበረዱን ቆረጠ፣ ምድጃውን ገጠመ፣ ሲሊንደሩን ከሥሩ ካለው ካቢኔት ውስጥ አስቀምጦ ጎማውን አያያዘ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀበትም።

በዚያው ሰሞን እናቴ የልጅ ልጇን ልታይ ከደብረ ብርሃን መጣች። ሰማያዊውን ነበልባል ጥቂት ተመልክታ፣ «ልጄ፣ እኔ የማያጨስ እሳት አላምንም፤ ጭስ ያስለቅሳል እንጂ አይዋሽም» አለችኝ። ሳቅሁ። በሦስተኛው ምሽት «ቤቱ የበሰበሰ ሽንኩርት ይሸታል» አለች። «አዲስ ዕቃ ስለሆነ ነው» አልኳት። አልተከራከረችኝም። መስኮቱን ከፈተች፤ ከኩሽናው ቀጥሎ ባለው ክፍል የተኛችውን ሕፃን በጋቢዋ ጠቀለለችና ከቤት ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

እኔም አፍሬ ሲሊንደሩን ዘጋሁ። ሽታው በተከፈተው መስኮት ወጥቶ ካለቀ በኋላ ኦሞ በውኃ በጥብጬ የጎማውን መጋጠሚያ አረፋ ቀባሁትና ሲሊንደሩን ለአፍታ ከፈትሁት። አረፋው አንድ በአንድ እየተነፋ ተነሣ። ባለሙያው ጎማውን በፋሸታ ማጥበቅ ሲገባው በሽቦ ጠምዝዞት ኖሯል። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የልጄን ሕይወት ያተረፈው ሽታ ከወዴት መጣ? ማንስ ከጋዙ ጨመረው? ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትን ነው እነሆ የማካፍላችሁ። የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስሙ እንጀምር። በእኛ ዘንድ ጋዝ ሲባል ለረጅም ዘመን ወደ አእምሮ የሚመጣው ኩራዝ የሚያበራው ላምባ ነበር፤ የሲሊንደሩን ለመለየት ቡታጋዝ እንለዋለን። «ጋዝ» የሚለውን ቃል የፈጠረው ግን ቫን ሄልሞንት የተባለ የፍላንደርስ ሐኪም ነው። ከሞተ በኋላ በ1648 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ የሚገኘው ይህ ቃል «ኬኦስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የተቀዳ ሲሆን፣ ትርጉሙም ቅርጽና ልክ የሌለው ትርምስ ማለት ነው። ስም አውጪው ጠባዩን አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል። የጋዝ ምድጃ ታሪክ ከዚያ ወዲህ ለዚህ ትርምስ ልክ የማበጀት ታሪክ ነው።

በ1792 ዊልያም መርዶክ የተባለ ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ በእንግሊዝ አገር በሬድሩት ከተማ ቤቱን ከድንጋይ ከሰል በወጣ ጋዝ አበራ። በ1812 በለንደን ጋዝን በቧንቧ የሚያከፋፍል ኩባንያ ተቋቋመ። ጋዝ መጀመሪያ የመጣው ለመብራት እንጂ ለድስት አልነበረም። በ1826 በኖርዝሃምፕተን የጋዝ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ጄምስ ሻርፕ የጋዝ ምድጃ ሠራ። በ1841 ደግሞ ስመ ጥሩው ወጥ ቤት አሌክሲስ ሷዬ በለንደኑ ሪፎርም ክለብ ኩሽና ውስጥ በጋዝ ማብሰል ጀመረ። ያም ሆኖ የለንደን እመቤቶች ለብዙ ዓመታት «ምግቡ የጋዝ ጣዕም ይይዛል» እያሉ ይፈሩት ነበር። እናቴ ብቻዋን አልነበረችም።

ፍርሃቱን ካቀለሉት ነገሮች አንዱ የነበልባሉ መጥራት ነው። በ1855 ገደማ በሃይደልበርግ ሮበርት ቡንዘን የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ከመሣሪያ ሠሪው ከፔተር ዴሳጋ ጋር ጋዝ ከመቀጣጠሉ በፊት ከአየር ጋር የሚቀላቀልበትን ማንደጃ አበጀ። አየር ቀድሞ ያልገባበት ነበልባል ቢጫ ነው፤ ጥላሸት ይተፋል። አየር በልኩ የገባበት ግን ሰማያዊ ነው፤ የብረት ድስት አያጠቁርም። ዛሬ በየኩሽናችን ያለው ምድጃ ሁሉ የዚያ ማንደጃ የልጅ ልጅ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሳንቲም ሲገባበት የሳንቲሙን ያህል ጋዝ የሚለቅ ቆጣሪ በእንግሊዝ አገር ወጣ። የወር ሒሳብ መክፈል የማይችለው ሠራተኛም እንደ አቅሙ በሳንቲም መግዛት ቻለ። የባንክ ሰው ነኝና፣ ጋዝን ወደ ድኻው ቤት ያስገባው ሳይንስ ብቻ ሳይሆን የአከፋፈል ዘዴም መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግሁም።

ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው ያ የጥንቱ ጋዝ መርዛም ነበር፤ ነገር ግን በተፈጥሮው ይሸት ነበር። ከምድር ሆድ የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ ግን ተጣርቶ ሲቀርብ ቀለምም ሽታም የለውም። ይህ ዝምታው ምን ያህል እንደሚያስከፍል ዓለም የተማረው በልጆች ነፍስ ነው።

ቦታው አሜሪካ፣ በምሥራቅ ቴክሳስ የምትገኘው ኒው ለንደን ናት። አካባቢው በነዳጅ የበለጸገ ነበር። የትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪዎች ወጪ ለመቀነስ ብለው በ1937 መጀመሪያ ላይ የሚከፈልበትን ጋዝ ትተው፣ ከነዳጅ ማጣሪያ የተረፈ ጋዝ ከሚተላለፍበት ቧንቧ ቀጠሉ። ጋዙ ከሕንፃው ወለል ሥር ባለው ክፍት ቦታ ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳያሸተው ተጠራቀመ። ተማሪዎች ራሳችንን አመመን ይሉ እንደነበር ይነገራል፤ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። መጋቢት 18 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ትምህርት ሊያበቃ ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ አንድ የእጅ ሥራ መምህር እንጨት መፈግፈጊያ ማሽን ለማስነሣት ማብሪያውን ተጫነ። አንዲት ብልጭታ በቃች። ሕንፃው ተነሥቶ ወደቀ። ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ከፍርስራሹ ውስጥ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ለምሥራቅ ቴክሳስ የተሰጡ ታላቅ በረከቶች መሆናቸውን የሚናገር ጽሑፍ የሰፈረበት ጥቁር ሰሌዳ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ሳምንታት ብቻ ቆይቶ የቴክሳስ ምክር ቤት ጋዝ ሽታ እንዲጨመርበት በሕግ አዘዘ፤ ልማዱም ወደ ሌላው ዓለም ተስፋፋ። የሚጨመረው መርካፕታን የተባለ ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የሰው አፍንጫ ከቢሊዮን አንድ እጅ እንኳ ያህል በማይሞላ መጠን ሊለየው ይችላል። በሲሊንደር የምንገዛው ጋዝም ይኸው ሽታ አለበት። እናቴ የበሰበሰ ሽንኩርት ያለችው እርሱን ነው። ያን ምሽት በኩሽናዬ ሲጣራ የነበረው የኒው ለንደን ልጆች ድምፅ ነበር፤ እኔ ግን «አዲስ ዕቃ ስለሆነ ነው» ብዬ ላፍነው ነበር።

ነገር ግን ሽታ ብቻውን ጠባቂ አይሆንም፤ የተኛ ሰው አያሸትምና። ግንቦት 16 ቀን 1968 በምሥራቅ ለንደን፣ ሮናን ፖይንት በተባለው ባለ 22 ፎቅ አዲስ የመኖሪያ ሕንፃ፣ በ18ኛው ፎቅ የምትኖር አንዲት ሴት ማለዳ ተነሥታ ሻይ ልታፈላ ክብሪት ጫረች። ሌሊቱን ሲጠራቀም ያደረው ጋዝ ፈነዳ። ፍንዳታው የግድግዳውን ድጋፍ አፈረሰው፤ የሕንፃው አንድ ማዕዘን ከላይ እስከ ታች ተናደ። ሴትዮዋ ተረፈች፤ 4 ሰዎች ሞቱ። ተከራዮች ወደ ሕንፃው መግባት ከጀመሩ ገና ሁለት ወር ያህል ብቻ ነበር። አጣሪ ጉባኤው መርምሮ ጋዙ የወጣው ምድጃው ከቧንቧው በተገናኘበት ቦታ፣ ከደረጃ በታች ከሆነች አንዲት የናስ ዳዶ መሰበር የተነሣ መሆኑን ደረሰበት። በመዳፍ ውስጥ የምትያዝ አንዲት ዳዶ!

ይህን ሳነብ የገዛ ቋንቋዬ ታሰበኝ። በአማርኛ ምድጃ የሚያያይዘውም «ገጠመ» ይባላል፤ ስንኝ የሚያያይዘውም «ገጠመ» ይባላል። እኔ ስንኝ ሳበላሽ ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ጎማ የሚገጥም ሰው ግን ቢሳሳት የሚያርምበት ሁለተኛ ረቂቅ የለውም።

ስለዚህ በጥሩ ገጠማ ውስጥ ሊኖሩ የሚገባቸውን ነገሮች ከማኅደረ ምድጃው መመሪያና ከሁለተኛው፣ ከጠንቃቃው ባለሙያ እንደተማርኋቸው ላስፍር። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈተልክ ወደ ላይ ተንኖ አይጠፋም፣ እንደ ውኃ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ፣ ቢቻል በረንዳ ላይ ይቁም፤ የግድ ካቢኔት ውስጥ ከሆነ ካቢኔቱ ከግርጌው የአየር መውጫ ይኑረው። ጎማው ለጋዝ የተሠራ መሆኑ የተጻፈበት፣ ያልተጣመመ፣ ከምድጃው ትኩስ አካል የራቀ፣ ጫፍና ጫፉ በፋሸታ የጠበቀ ይሁን፤ ሲሰነጠቅ ወይም የተጻፈበት ዘመን ሲያልፍ ይለወጥ። ሬጉሌተሩ ለምድጃው የተወሰነለትን ግፊት የሚሰጥ ይሁን። ጋዝ የሚወጣባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ለቧንቧ ጋዝና ለሲሊንደር ጋዝ ልካቸው ይለያያልና ሻጩን መጠየቅ ያስፈልጋል። መጋጠሚያ የሚፈተነው በሳሙና አረፋ ነው፤ በክብሪት የፈተነ ሰው መልሱን ላይሰማው ይችላል።

አንድ ሌላ ዘብም አለ። ቶማስ ዘቤክ የተባለ ሊቅ በ1821 ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጋጥመው መጋጠሚያቸው ሲሞቅ የኮምፓስ መርፌ እንደሚንቀሳቀስ አስተዋለ፤ ሙቀቱ ኤሌክትሪክ እየፈጠረ ነበር። በዘመናዊ ምድጃ ከየዓይኑ አጠገብ የምትታየው ቀጭን የብረት ጫፍ የዚያ ግኝት ፍሬ ናት። ነበልባሉ ሲያሞቃት ከኢምንት የሚቆጠር ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፤ ያም ኤሌክትሪክ የጋዙን በር በማግኔት ከፍቶ ይይዛል። ሽሮው ገንፍሎ ነበልባሉን ቢያጠፋው ብረቷ ትቀዘቅዛለች፣ በሩም ራሱ ይዘጋል። መቁጠሪያውን ተጭነን ጥቂት ሰኮንዶች የምንጠብቀው ብረቷ እስክትሞቅ ነው። የባንክ ካዝና በሁለት ሰዎች ቁልፍ እንደሚከፈት ሁሉ፣ ይህም በር የሚከፈተው በእኛ እጅና በነበልባሉ ምስክርነት ነው። እርሷ የሌለችበትን ምድጃ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ።

ሽታ ከሸተተ ደግሞ የኒው ለንደኗን ማብሪያ አስቡ። ሲሊንደሩን መዝጋት፣ በርና መስኮት መክፈት፣ መብራት አለማብራትም አለማጥፋትም፣ ሰውን ሁሉ ይዞ መውጣት፣ ስልክ መደወል ካስፈለገ ከውጭ ሆኖ መደወል።

አንድ ዝምታ ግን እስከ ዛሬ አልተሰበረም። በቂ አየር በሌለበት ቤት የሚነድ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ለዚህ ሽታ የሚጨምርለት የለም። ሰማያዊው ነበልባል ወደ ቢጫ ሲለወጥና የድስቱ ቂጥ ሲጠቁር ምልክት ነው፤ ያኔ አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት አልደነቃትም። «የከሰል ነገር ነዋ!» አለችኝ። በደብረ ብርሃን ብርድ እንኳ ከሰል ደጅ ሳይግም ቤት አታስገባም፤ ከግሞም በኋላ በር ዘግታ አትተኛበትም። የማያጨስ እሳት አላምንም ስትል ከእኔ ይልቅ የምታውቀው ነበረ።

አሁን ሲሊንደራችን በረንዳ ላይ ነው። እናቴ ስትመጣ በአዲሱ ምድጃ ቡና ታፈላለች፤ ከመለኮሷ በፊት ግን ጎንበስ ብላ ታሸታለች። እኔም ከእርሷ ተምሬ አሸታለሁ። በዚያ ሰሞን የሞነጫጨርኋትን ስንኝ ጋብዣችሁ ልሰናበት።

እንጨት ቤት ሲያቃጥል፣ በጭሱ ይጣራል፣
ጋዝ ግን ድምፅ የለውም፣ ገብቶ ይቀመጣል።
ሽታ ሰጡት እንጂ፣ ምላስ እንዲሆነው፣
ባለቤቱን ማነው፣ የሚያስጠነቅቀው?

ቸር ይግጠመን።