ከሱማሌ ተራ እስከ ሃይፋ ግሩጣኦት

አባቴ በጎንደር አውራጃ ቀጥቃጭ ነበር። ርስት ስላልነበረን ወንዶቻችን ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ይሸምናሉ፤ ሴቶቻችን ሸክላ ይሠራሉ። ገበሬው ማረሻና ማጭዱን ከእኛ ይገዛል፣ ዞር ሲል ደግሞ «ቡዳ» ይለናል። ማታ ጅብ ሆነው ይዞራሉ ብሎ የሚያምን ሰው፣ ጠዋት የደነዘዘ ማረሻውን ይዞ በራችን ላይ ይቆማል። አባቴ ክፉ አይናገርም፤ ስሎ ይመልስለታል።

ብረቱ ከየት ይመጣ እንደነበር እናንተ ልጆች አታውቁትም። አባቴ ጋ አብዛኛው የሚመጣው ከመኪና ነው። ጣሊያን አገሩን ይዞ በቆየበት ጊዜ (ከ1936 እስከ 1941) በሊማሊሞ ገደል ላይ መንገድ ቆርጦ ነበር። በዚያ መንገድ የሚመላለሱት የጭነት መኪኖች፣ በተለይ ኋላ የመጡት ፊያት ኤንትሬዎች፣ ባሌስትራቸው ሲሰበር ቁራጩ ወደ ቀጥቃጭ ቤት ይገባል። ለማጭድና ለቢላዋ የባሌስትራን ብረት የሚስተካከለው የለም። እኔም የመኪናን ሆድ መጀመሪያ ያወቅኩት በአባቴ ወናፍ ፊት ነው ማለት ይቻላል።

በ13 ዓመቴ ጎንደር ከተማ ጋራዥ ገባሁ። እዚያ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ የሚል ቋንቋ ተማርኩ። ጣሊያንኛ መሆኑን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እኔ የመኪና አማርኛ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በ1990 ወደዚህ ለመምጣት አዲስ አበባ ወርደን ስንጠብቅ መርካቶ ሱማሌ ተራ እየሠራሁ ቤተሰብ አበላሁ። ሱማሌ ተራ መኪና አይሞትም። የአንዱ ቮልስ በር ለሌላው ይሆናል፣ የጠፋውን ዕቃ ደግሞ ቶርኖ ቤት ያስቀርጹታል። በደርግ ጊዜ አዲስ ዕቃ ከውጭ ማስገባት ከባድ ስለነበር፣ ሰው የትኛው ዕቃ ለየትኛው መኪና እንደሚሆን በቃሉ ያውቅ ነበር። ያ ዕውቀት በየትም ትምህርት ቤት አይሰጥም።

ግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ሲጓጓዝ እኔም ነበርኩበት። አንዲት ካቻቢቴ እንኳ አልያዝኩም። እዚህ ከደረስን በኋላ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊዋ «ሙያ?» አለችኝ። በአስተርጓሚ «መካኒክ፣ ቀጥቃጭም ነኝ» አልኩ። «ወረቀት አለህ?» የለኝም። «ሙያ፦ የለም» ብላ ጻፈች። ወረቀቱ ዛሬም አለኝ። ከዚያ ሚፍዓል ገባሁና ካርቶን ሳሽግ ዓመታት አለፉ።

ግሩጣኦት የሄድኩት ለጎረቤቴ መኪና ዲናሞ ፍለጋ ነው። በሃይፋ አካባቢ ያለ የአሮጌ መኪና ጓሮ ነበር። ባለቤቱ ሽማግሌ ከአንድ የዛገ ብሎን ጋር ይታገል ነበር፤ ትንሽ ቢጨምርበት ይቆረጣል። «ቆይ» ብዬ ብሎኑን በእሳት አቀላሁት፣ ቀዝቀዝ ሲል ሻማ አስነካሁት። ሰሙ ቀልጦ ወደ ጥርሱ ገባና ብሎኑ በእጅ ተፈታ። «ማን አስተማረህ?» አለኝ። «አባቴ» አልኩት። ሻይ አፈላ።

ሰውዬው ከባግዳድ ነው፣ በ1951 ልጅ ሆኖ በአውሮፕላን የመጣ። እነሱ ማዕባራ ድንኳን ውስጥ ኖረው ነበር፤ እኛ ካራቫን ውስጥ ነበርን። «አንተም በአውሮፕላን፣ እኔም በአውሮፕላን» ይለኝ ነበር። ዕብራይስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለውም። ትልቅ ሰውን «አንተ» ማለት አፌን ይይዘኝ ስለነበር መጀመሪያ አካባቢ ስሙንም ሳልጠራ፣ ሳል አስቀድሜ ነበር የማናግረው። አርብ አርብ መሄድ ልማዴ ሆነ። እኔ «ካምቢዮ» ስለው ይስቃል፣ እሱ የፊተኛውን አክስል «ፍሮንት ባክአክስ» ሲለኝ ደግሞ እኔ እስቃለሁ፤ «የፊት የኋላ አክስል» ማለት እኮ ነው!

ሱሲታዋን ያገኘናት እዚያው ጓሮ፣ በለስ ዛፍ ሥር ነው። ሱሲታ እስራኤል ውስጥ የተሠራች መኪና ናት። አውቶካርስ የሚባል የሃይፋ ኩባንያ ከእንግሊዙ ሪላያንት ጋር ሆኖ በ1950ዎቹ መጨረሻ ጀመራት። ስሟ በኪኔሬት ማዶ ካለችው ጥንታዊት ከተማ የመጣ ነው፣ ፈረስ ከሚለው ቃል። አካሏ ቆርቆሮ ሳይሆን ፋይበርግላስ ነው፤ ለትንሽ ገበያ ቆርቆሮ የሚጨፈልቅ ትልቅ ማሽን መግዛት አያዋጣማ። ግመል ይበላታል እየተባለም ይቀለድባት ነበር።

የቀጥቃጭ ልጅ መዶሻ ይዞ መዶሻ የማይነካው መኪና ፊት ቆመ! ያንን ሽማግሌው ያውቃል፤ በጨርቅና በማጣበቂያ እንዴት እንደሚጠገን አሳየኝ። ከሥር ያለው ሻንሲ ግን ብረት ነው፣ ዝጎም ተበልቶ ነበር፤ እሱ የእኔ ድርሻ ሆነ። ሞተሯ የእንግሊዝ ፎርድ ነው (በኋላ የወጡት ትራያምፍ አላቸው)፤ ስለዚህ ፒስቶኑን «ሱሲታ» እያልን ብንፈልግ ኖሮ አናገኝም ነበር። የእንግሊዝ ፎርድ የተጣለበትን ጓሮ ሁሉ ዞርን፣ ከገሊላ እስከ ነገቭ። የሱማሌ ተራ ዕውቀት እዚህ ነው የጠቀመኝ። ዕቃ ሲታጣ የመኪናውን ስም ትተህ የሞተሩን ዘመድ ትጠይቃለህ። ባለ ጓሮዎቹ፣ አይሁዱም ዓረቡም፣ በሁለተኛው ቀን «የሱሲታው ኢትዮጵያዊ» ብለው ወንበር ያቀርቡልኝ ነበር። ሙያ አለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም የለም፤ እጄን ያያሉ።

30 ዓመት የሞላው መኪና በዚህ አገር ሕግ «ሬኸቭ አስፋኑት» ይባላል። ሱሲታዋ በ1999 ቴስት አለፈች። መጀመሪያ የነዳት ሽማግሌው ነው፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ፍሬኑን ጆሮዬን ሰጥቼ አዳምጥ ነበር።

እሱ ካረፈ በኋላ ልጆቹ መሬቱን ሸጡ። የሚጨፈልቀው ማሽን መጥቶ ጓሮውን በሦስት ቀን ባዶ አደረገው። ከመምጣቱ በፊት በነበረው ሌሊት የቻልኩትን ያህል ካርቡራተርና የመብራት መስታወት በሚስቴ የእንጀራ መሶቦች ጭኜ አወጣሁ፤ እሷ እስካሁን ይቅር አላለችኝም።

አሁን የቀረኝ አንድ ዕቃ ነው፣ የኋላ ግራ መብራት መስታወት። ቀዩ እንጂ ብርቱካናማው አይደለም። ኪቡጽ ወይም ሞሻቭ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ከአሮጌ መጋዘን ጀርባ ከዛፍ ሥር ዝገት የሌለባት መኪና ካያችሁ፣ ከማስጣላችሁ በፊት ኋላዋን እዩልኝ።