ፈንጣጣ ከአገራችን የወጣበት መንገድ



ሰሞኑን እዚህ ኮልፌ፣ መስጂዳችን ውዱእ ማድረጊያ ላይ አንድ አባት እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ ክንዳቸው ላይ የተጨማደደ ጠባሳ አየሁ። ቃጠሎ መስሎኝ ጠየቅኳቸው። «ክትባት ነው ልጄ፤ የሐኪም ግን አይደለም» አሉኝ። ወሎ ልጅ ሳሉ ፈንጣጣ መንደሩ ሲገባ ያስከተቧቸው እናታቸው ናቸው።

ይህ የአንድ ቤት ወሬ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ አይቶ ጽፎታል። ከታማሚው ቁስል መግል ይወሰዳል፣ ከማር ጋር ይደባለቃል፣ የጤነኛው ክንድ በምላጭ ተጭሮ እዚያ ላይ ይደረጋል። በኦቶማን ቱርኮች ዘንድም ተመሳሳይ ልማድ ነበር። የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት ሌዲ ሜሪ ሞንታጉ እዚያ አይታ በ1721 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሴት ልጇን አስከተበች። ክትባትን የፈረንጅ ፈጠራ ብቻ አድርገን እናወራለን እንጂ ቃሉም የኛው ነው። መድረሳ የገባ ሰው «ከተበ» ሲባል መጻፍ ትዝ ይለዋል፤ ክታብና ክትባትም ከዚያው ሥር ናቸው።

አላህ ለሰውነታችን የመከላከያ ኃይል ሰጥቶታል። አዲስ ተህዋሲ ሲገባ ግን እሱን ለይተው የሚዋጉት ሕዋሳትና አንቲቦዲዎች እስኪበዙ ቀናት ያልፋሉ። ሰው የሚጎዳው በዚህ መሀል ነው። ከዳነ በኋላ ጥቂት ሕዋሳት ያንን ጠላት እያስታወሱ ለዓመታት ይቆያሉ፤ በሽታው ተመልሶ ቢመጣ ሳይደላደል ይደርሱበታል። እናቶቻችን ሕዋስ የሚባል ነገር ባያውቁም ፈንጣጣ አንዴ የያዘው ሰው ዳግም እንደማይያዝ በዓይናቸው አይተዋል።

ችግሩ፣ በምላጩ የሚገባው እውነተኛው ፈንጣጣ ነበር። ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል፤ የሞተበትም አለ። የተከተበው ልጅ ደግሞ ላልተከተበው ጎረቤቱ በሽታውን ያስተላልፋል። ኤድዋርድ ጄነር በ1796 ያሳየው፣ ከላም የሚገኘው የፈንጣጣ ቀላል ዘመድ ያንኑ ትውስታ ለሰውነት እንደሚሰጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ፈንጣጣን አያዛምትም።

በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚዎች ተመዘገቡ። ከታቢዎቹ መንገድ በሌለበት በእግርና በበቅሎ፣ ኋላም በሄሊኮፕተር ተጓዙ።

በሰሜኑ ደጋ ብዙ ሰው አልከተብም አለ። እኔ ሞኞች ነበሩ ለማለት አልደፍርም። በሌሎች አገሮች ከመቶ ታማሚ ሠላሳ ያህሉን ይገድል የነበረው ፈንጣጣ እዚህ በዚያ ዘመን ቀላሉ ዓይነት ነበር፤ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ቢሞትበት ነው። ሰዉም የለመደው የራሱ ክትባት ነበረው። ግን ያ የለመዱት ክትባት ራሱ በሽታውን ከመንደር መንደር ያሻግረው ነበር።

ዛሬ «ተወኩል ካለ መከተብ ለምን?» የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወረርሽኝ እንደገባ ሰምተው ሻም ሳይገቡ ሰዎቻቸውን ይዘው መመለሳቸውን መድረሳ ያልሰማ የለም። ያን ጊዜም ይህንኑ የመሰለ ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር።

ዘመቻው የተሳካው የአገሩን ሰው ሁሉ በመክተብ አይደለም። ታማሚው ባለበት ተፈልጎ ይገኛል፣ በዙሪያው ያሉት ይከተባሉ። ፈንጣጣ ከሰው በቀር ማደሪያ የለውም፤ የሚተላለፍበት ሰው ካጣ ያከትምለታል። ከአርብቶ አደር ጋር በየበረሃው የሚዞር በሽታን እንዲህ መከተል ቀላል አልነበረም። የኢትዮጵያ የመጨረሻዋ ታማሚ ዲሞ በምትባል የኦጋዴን መንደር የምትኖር የሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ሽፍታው የወጣባት ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በሽታው ሶማሊያ ቀረ። መርካ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ምግብ የሚያበስል ዓሊ ማው ማዓሊን የሚባል ወጣት ነበር። መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ ሳይከተብ ቀረ። ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች ለጫነ መኪና መንገድ ሊያሳይ አብሮ ተሳፈረ፤ ጉዞው የጥቂት ደቂቃ ነበር። ጥቅምት 16 ቀን 1970 ዓ.ም. ሽፍታው ወጣበት። በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘ የዓለም የመጨረሻው ሰው እሱ ሆነ። ዳነ፤ ከእሱ የተያዘ ሰውም አልተገኘም። ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱ ታወጀ።

ዓሊ በኋላ የፖሊዮ ክትባት ቀስቃሽ ሆኖ በሶማሊያ መንደሮች ዞረ። ልጃቸውን አናስከትብም የሚሉ ወላጆች ሲገጥሙት የራሱን ፍርሃት ይነግራቸው ነበር። በ2005 ዓ.ም. ፖሊዮ ሶማሊያ ውስጥ ዳግም ተነስቶ ወደ እኛው ሶማሌ ክልል ሲሻገር እሱ መርካ አካባቢ በዘመቻው ላይ ነበር። እዚያው እያለ ትኩሳት ያዘውና ሐምሌ 15 ቀን አረፈ። አላህ ይዘንለት።