ካምቤል፣ ቫን ፐርሲ እና መልቀቂያ

ሶል ካምቤልን የሚወድ የአርሴናል ደጋፊ ሮቢን ቫን ፐርሲን ከሃዲ የማለት መብት አለው ወይ? እኔም የአርሴናል ደጋፊ ነኝ፤ መልሴ ግን "የለውም" ነው። ኳስ በምናይበት ቤት ይህን ስል ግማሹ ይስቅብኛል፣ ግማሹ ይናደድብኛል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በድሮው የእንግሊዝ እግር ኳስ ተጫዋች ኮንትራቱ ቢያልቅም ነፃ ሰው አልነበረም። ምዝገባው በክለቡ እጅ ነው፤ ክለቡ ካልፈቀደ ሌላ ቦታ መጫወት አይችልም። ጆርጅ ኢስተም የሚባል የኒውካስል ተጫዋች በ1960 ልሂድ ሲል ክለቡ እምቢ አለው። እሱም መጫወቱን ትቶ ቡሽ መሸጥ ጀመረ። ከወራት በኋላ ኒውካስል በ47,500 ፓውንድ ሸጠው። ለማን? ለአርሴናል። ኢስተም ግን ክሱን አልተወም። በ1963 ፍርድ ቤቱ አሠራሩ የሰውን የመሥራት ነፃነት ያለአግባብ ይገድባል ብሎ ወሰነ። ያም ሆኖ የዝውውር ክፍያው አልቀረም።

ቀሪውን ሥራ የጨረሰው ቤልጅየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ነው። ስሙ የገነነ ተጫዋች አልነበረም። በ1990 በአርኤፍሲ ሊዬዥ የነበረው ኮንትራት ሲያልቅ ክለቡ ለአዲስ ውል ያቀረበለት ደመወዝ የድሮውን ሩብ ያህል ነበር። ወደ ፈረንሳዩ ደንከርክ ሊሄድ ተስማማ፤ ሊዬዥ ግን ደንከርክ የመክፈል አቅሙን ተጠራጠረና የዝውውር ሰርተፍኬቱ እንዲላክ ሳይጠይቅ ቀረ። ዝውውሩ ከሸፈ። ቦስማን አምስት ዓመት ተሟገተ። ዲሴምበር 15 ቀን 1995 ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ፈረደለት፦ ኮንትራቱ ያለቀ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያለ ዝውውር ክፍያ ወደ ሌላ የኅብረቱ አገር ክለብ መሄድ ይችላል። እንግሊዝም ቆይታ ይህንኑ ለአገር ውስጥ ዝውውር ተቀበለች። ቦስማን ራሱ ግን ምርጥ የመጫወቻ ዓመቶቹን ፍርድ ቤት ጨርሷቸው ነበር።

ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እዚህ አገር ሥራ የለቀቀ ሁሉ ክሊራንስ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ስለቅ የማስጠንቀቂያ ጊዜዬን ጨርሼ፣ ላፕቶፑን አስረክቤ፣ አንዲት የመልቀቂያ ወረቀት ለማግኘት ሁለት ወር ተመላልሻለሁ። "ፈራሚው የለም፣ ነገ ና።" አዲሱ ቀጣሪ ደግሞ ያቺን ወረቀት እየጠበቀ ነው። ቦስማንን ለመረዳት ሕግ መማር አላስፈለገኝም።

አሁን ወደ ካምቤል እንምጣ። ቶተንሃም ውስጥ ያደገ፣ አምበል የሆነ፣ ከ300 በላይ ጨዋታ የተጫወተ ልጅ ነው። በ2001 ኮንትራቱ አለቀ፤ አርሰን ቬንገርም አንድ ሳንቲም የዝውውር ክፍያ ሳይከፍሉ ወሰዱት። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወደ ኋይት ሃርት ሌን ሲመለስ የቶተንሃም ደጋፊዎች "ይሁዳ" የሚል ጽሑፍና ፊኛ ይዘው ጠበቁት። እኛስ? ዘፈንንለት። በ2002 ሊጉንና ኤፍኤ ካፑን ከእሱ ጋር አነሣን። በ2004 ሳንሸነፍ የጨረስነው ሊግ የተረጋገጠው እዚያው ቶተንሃም ሜዳ ላይ፣ 2 ለ 2 ወጥተን ነው። ካምቤልም ተሰልፎ ነበር።

ቫን ፐርሲ በ2004 ከፌይኖርድ መጣ። ስምንት ዓመት ቆየ፤ በመጨረሻው የውድድር ዘመን በሊጉ ብቻ 30 ጎል አገባልን። በጁላይ 2012፣ ኮንትራቱ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ እንደማያራዝም በይፋ አሳወቀ። በኦገስት ለማንችስተር ዩናይትድ ተሸጠ፤ ዋጋው ወደ 24 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። እዚያም 26 የሊግ ጎል አግብቶ ዋንጫውን አነሣ።

"ቬንገር ለተቀናቃኝ ለምን ሸጡት?" ለሚለው መልሱ ካምቤል ነው። አንድ ዓመት ቢያቆዩት በነፃ ይሄድ ነበር፤ ራሳቸው ቬንገር ካምቤልን እንደወሰዱት። ክለቡ ደግሞ በ2006 የገባበትን ስታዲየም ዕዳ እየከፈለ ነበር። 24 ሚሊዮን ወይስ ዜሮ? ይህን ሒሳብ ለመሥራት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም።

"ካምቤል የሄደው ዋንጫ ፈልጎ ነው" የሚል አይጠፋም። ቫን ፐርሲስ ምን ፈልጎ ሄደ? በሁለቱ መካከል የማየው ትልቅ ልዩነት ገንዘቡ ነው፤ እሱም የሚመሰክረው ለቶተንሃሞች ነው። አምበላቸው ሲሄድ እጃቸው ላይ ምንም አልቀረም፤ እኛ 24 ሚሊዮን ይዘን ቀርተናል።

መናደድማ መብት ነው። ኤፕሪል 28 ቀን 2013 የእኛ ልጆች በገዛ ሜዳቸው ተሰልፈው ለሻምፒዮኑ ዩናይትድ አጨበጨቡ፤ ቫን ፐርሲ በመሃላቸው አለፈና ፍጹም ቅጣት ምት አገባብን። 1 ለ 1 አለቀ። ያ ቀን ዛሬም ያቃጥለኛል። ግን ንዴት ሌላ፣ ፍርድ ሌላ። ሁለቱም ሠራተኞች ናቸው፤ ሁለቱም ኮንትራታቸው የሰጣቸውን መብት ተጠቀሙ። ቫን ፐርሲን ይሁዳ የምትሉ፣ መጀመሪያ ለካምቤል የዘፈናችሁትን መልሱ።