ሥራና ኢባዳ፦ ከመርው ቁልፍ ሠሪ እስከ ጎንደር ሸማኔ

 

ብዙዎቻችን ኢባዳን ከመስጂድ፣ ሥራን ከገበያ ጋር ብቻ እናያይዛለን። ከፈጅር ሶላት በኋላ ወደ ሱቃችን ወይም ወደ ቢሯችን ስንሄድ ዲናችንን ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ ትተነው የምንወጣ ይመስላል። ታሪካችን የሚነግረን ግን ሌላ ነው።

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የመካ ሰዎችን በጎች ጠብቀዋል። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ንጉሥ ሆነው ሳለ ጥሩር እየሠሩ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ ነበር። ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጢ ነበሩ። ከቀደምት ሰሃቦች አንዱ የሆኑት ኸባብ ኢብኑል አረት (ረ.ዐ) መካ ውስጥ ሰይፍ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ።

የዑለሞቻችንንም ስም ልብ እንበል። «አል ኸሷፍ» ማለት ጫማ ሰፊ ማለት ነው። በ261 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት እኚህ የሐነፊ መዝሀብ ሊቅ በወቅፍ ሕግ ላይ የታወቀ ኪታብ ጽፈዋል፤ ይተዳደሩ የነበረው ግን በጫማ ሥራ ነው። «አል ቀፋል» ደግሞ ቁልፍ ሠሪ ማለት ነው። የመርው ከተማው አል ቀፋል ዒልም መፈለግ የጀመሩት ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። በ417 ዓመተ ሒጅራ ሲያርፉ በኹራሳን የሻፊዒይ መዝሀብ ታላቅ ሸይኽ ሆነው ነበር። የሙያቸው ስም እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ማዕረግ አብሯቸው ቀረ።

ኢማም አቡ ሐኒፋ የኩፋ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። የሥራ ሸሪካቸው ነውር ያለበትን ጨርቅ ነውሩን ሳይነግር በመሸጡ፣ ኢማሙ የሽያጩን ገንዘብ በሙሉ ሰደቃ እንዳደረጉት ይተረካል። ተቅዋ በሚዛንና በሜትር ላይም ይታያል ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። ርስት በመነፈጋቸውም ብዙዎቹ በንግድና በሽመና ይተዳደሩ ነበር። ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ አውርዶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ የሚያለብሰው ጎረቤቱን ነው፤ ክርስቲያኑ ለበዓሉ የሚደምቅበት ነጭ ሸማ ብዙ ጊዜ ከሙስሊም እጅ የወጣ ነበር። ባለሙያው ግን በሙያው ይሰደብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሌላውን ባለእጅ መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። የመሬቱ ጉዳይም መልስ ያገኘው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ አደባባይ ወጥቶ መብቱን ከጠየቀ በኋላ፣ በ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

እነዚያ አባቶች ማጉን አሳስተው ገዢን ቢያታልሉ ማን ያያቸው ነበር? ሸማው የሚሳሳው ከታጠበ በኋላ ነው። አላህ (ሱ.ወ) እንደሚያያቸው ያመነ ግን ድሩንም ማጉንም አጥብቆ ይሠራል። እናቶቻችንም በእንዝርት ፈትለው ልጆቻቸውን ቁርኣን አስቀርተዋል። ያ ክር ለእነሱ ሪዝቅም ኢባዳም ነበር።

ዛሬ የእኛ ፈተና ሁለት ነው። አንደኛው ሥራችንን ንቀን ማበላሸታችን ነው፤ ሁለተኛው ሠራተኛን መናቃችን ነው። የተናቁ አባቶች ልጆች ሆነን ሳለ የቤት ሠራተኛችንን በስሟ ካልጠራናት፣ የቀን ሠራተኛውን ደመወዙን ካመላለስነው፣ ከታሪካችን ምንም አልተማርንም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ይከፈለው ብለዋል። በእጃችን ሥር ያሉት ወንድሞቻችን መሆናቸውን፣ ከምንበላው እንድናበላቸውና ከአቅማቸው በላይ እንዳንጭንባቸውም አስተምረዋል። እንግዲህ ነገ ጠዋት ሥራ ስንጀምር ቢስሚላህ ብለን ኒያችንን እናስተካክል፤ ያደረ ደመወዝ ካለብንም እንክፈል።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ሥራችንን ኢባዳ ያድርግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።